የጋሪያል ጥበቃ

ጋሪያል በሕንድና በኔፓል ወንዞች የሚኖር የአዞ ዘመድ ነው። ወንዱ እስከ 6 ሜትር ሊረዝም ይችላል። አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚበቅለው እብጠት በሂንዲ «ጋራ» የሚባለውን የሸክላ ማሰሮ ይመስላል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በዱር የቀረው ከ200 በታች እንደነበር ተገምቷል። ሕንድ በ1975፣ ኔፓል ደግሞ በ1978 እንቁላል ሰብስቦ የማሳደግ ሥራ ጀመሩ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ ትልቁ መኖሪያው ሕንድ ውስጥ ያለው ቻምባል ወንዝ ነው።

እናቲቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ከውሃው ከፍ ያለ አሸዋ ቆፍራ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ሲሰበሰብ ችኮላ ብዙ ያጠፋል። እንቁላሉ በተጣለ በአንድ ቀን ገደማ ጽንሱ ከቅርፊቱ ውስጠኛ አናት ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የተገለበጠ እንቁላል ጽንሱ ይሞታል። ስለዚህ አሸዋው በእጅ ቀስ ተብሎ ይጠረግና እንቁላሉ ከመነሳቱ በፊት አናቱ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያም እንደተቀመጠ፣ ከጎጆው በወጣው እርጥብ አሸዋ ሣጥን ውስጥ ይደረደራል። መፈልፈያው ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠበቃል። ጾታን የሚወስነው ሙቀቱ ስለሆነ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሙቀት ከተያዘ የዓመቱ ጫጩት ወደ አንድ ጾታ ሊያደላ ይችላል። በኔፓሉ የቺትዋን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የጎልማሳ ወንድ እጥረት እስካሁን ከባድ ችግር ነው።

ጫጩቶቹ 1.2 ሜትር ገደማ ሲደርሱ የጅራታቸው ቅርፊት ለመለያ ይቆረጥና ጎርፉ ከጎደለ በኋላ ይለቀቃሉ። ቀድመው ከተለቀቁ ጎርፉ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

ማሳደጉ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ ወንዙ ነው። መረብ ውስጥ የገባ ጋሪያል ለመተንፈስ መውጣት አቅቶት ይሰምጣል፤ አንዳንድ አጥማጅም መረቡን ለማዳን አፉን ይቆርጠዋል። ለግንባታ አሸዋ የሚዛቅበት ዳርቻ ጎጆ አይሆንም። ግድብ ውሃ ሲይዝ ወንዙ ይጎድልና ጎጆው ያለበት የአሸዋ ደሴት ከየብስ ይገናኛል፤ ቀበሮና ውሻ ያለ ችግር ይደርሳሉ። በድንገት ሲለቀቅ ደግሞ ጎጆው ይጥለቀለቃል። በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ቻምባል ላይ ከ100 በላይ ጋሪያሎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞተው ተገኙ። ጥርጣሬው በዓሣ በኩል በገባ መርዝ ላይ ነበር።

ማሳደግ ብቻውን ስለማይበቃ፣ እንቁላሉን እዚያው ዳርቻው ላይ መጠበቅም ይመረጣል። ጎጆው በሽቦ መረብ ይሸፈናል። ጫጩቶቹ ግን ከቅርፊቱ ውስጥ ሆነው ሲጮኹ እናቲቱ መጥታ ቆፍራ ታወጣቸዋለች፤ ሽቦው ከዚያ በፊት ካልተነሳ አሸዋው ውስጥ ታፍነው ይቀራሉ።