«ጎዶሎህን ይሙላልህ»፦ የአንድ ምርቃት ትርጉምና የ90 ዲግሪ ጉዳይ

አማርኛ ውስጥ አጭር ሆነው ብዙ የሚሸከሙ ምርቃቶች አሉ። «ጎዶሎህን ይሙላልህ» ከነዚያ አንዱ ነው። ለሴት «ጎዶሎሽን»፣ ለታላቅ ሰው «ጎዶሎዎን» ይባላል። ዛሬ ይህን አነጋገር የማነሳው ከሒሳብ ጋር አያይዤ ነው። ኮምፕሊመንተሪና ሰፕሊመንተሪ የሚባሉትን አንግሎች ታውቋቸዋላችሁ። ሁለት አንግሎች ተደምረው አንዱ ጋ 90 ዲግሪ፣ ሌላው ጋ 180 ዲግሪ ይሞላሉ። የቱ የቱ እንደሆነ ግን ብዙ ተማሪ ይምታታበታል። ምርቃቱንና አንግሎቹን ያገናኘኋቸው በግድ ጎትቼ አይደለም። ሁለቱ የሒሳብ ቃላት ከሥራቸው ሲፈቱ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ጎዶሎን መሙላት።

መጀመሪያ አነጋገሩን እንፍታው።

«ጎዶሎ» የመጣው «ጎደለ» ከሚለው ግሥ ነው። ጎዶሎና ባዶ አንድ አይደሉም። ምንም የሌለበት ዕቃ ባዶ ይባላል እንጂ ጎዶሎ አይባልም። ጎዶሎ የምንለው አፉ ድረስ ሊሞላ ትንሽ ወይም ብዙ የቀረውን ነው። ስለዚህ አንድን ነገር ጎዶሎ ለማለት ሁለት ነገር ያስፈልገናል። አንደኛው፣ አሁን ያለው መጠን። ሁለተኛው፣ መድረስ የነበረበት ልክ። ልኩ ካልታወቀ ጉድለቱም አይታወቅም። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ የዛሬው ጨዋታ በሙሉ እሷ ላይ ነው የቆመው።

«ሞላ» ደግሞ ከግዕዙ «መልአ» ጋር አንድ ሥር ነው። እዚህ ላይ የምርቃቱ ቃል አመራረጥ ደስ ይለኛል። «ይጨምርልህ» አይልም። መጨመር ማብቂያ የለውም። መሙላት ግን ማብቂያ አለው፤ ከሞላ በኋላ የሚጨመረው ይፈሳል። ሌላም አለ። መራቂው የጎደለውን ነገር በስሙ አይጠራም። ጤና ይሁን፣ ልጅ ይሁን፣ ሰላም ይሁን፣ ለተመራቂው ይተወዋል። የሚሞላው ነገር የሚታወቀው ከጎደለው ነገር ነው። ለአንዱ የሚሞላው ለሌላው አይሞላም።

ቃሉ ቁጥር ውስጥም ገብቷል። 3ን፣ 5ን፣ 7ን «ጎዶሎ ቁጥር» እንላቸዋለን። ጥንድ ጥንድ ስናደርጋቸው አንዱ ጓደኛ አጥቶ ይቀራልና። ይህንንም ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አንግሎቹ። «ኮምፕሊመንት» የተገኘው ከላቲኑ «ኮምፕሌሬ» ነው። ትርጉሙ መሙላት፣ እስከ ጫፍ ማድረስ ነው። «ሰፕሊመንት» ከ«ሰፕሌሬ» ነው። እሱም መሙላት፣ የጎደለውን መተካት ማለት ነው። የሁለቱም እምብርት አንድ ነው። የሚለያዩት በልካቸው ነው። የኮምፕሊመንት ልክ 90 ዲግሪ ነው። የሰፕሊመንት ልክ 180 ዲግሪ ነው።

ስለዚህ 35 ዲግሪ የሆነ አንግል ጉድለቱ ስንት ነው ቢባል፣ መልሱ «ከስንት?» ነው። ከ90 ከሆነ 55 ይጎድለዋል። ከ180 ከሆነ 145 ይጎድለዋል። አንግሉ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ልኩ ነው። 120 ዲግሪ ላይ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። 120 ከ90 አልፏል። ከልኩ ያለፈ ነገር ደግሞ ጎዶሎ የለውም። ኮምፕሊመንት የለውም ማለት ነው። ሰፕሊመንት ግን አለው፤ 60።

ሁለት ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። አንደኛ፣ እነዚህ ስሞች የጥንድ ስሞች ናቸው። የሦስት ማዕዘን ሦስቱ አንግሎች ተደምረው 180 ይመጣሉ፤ ሰፕሊመንተሪ ግን አይባሉም፤ ሦስት ናቸዋ። ሁለተኛ፣ ጥንዶቹ የግድ ጎን ለጎን መሆን የለባቸውም። አንዱ እዚህ ገጽ፣ ሌላው ከአሥር ገጽ በኋላ ቢሳልም ድምራቸው 90 ከሞላ ኮምፕሊመንተሪ ናቸው።

በጉድለት ማሰብ ስሌት ያቀላል። አንድ የታወቀ ዓይነት ጥያቄ እንውሰድ። ሰፕሊመንቱ የኮምፕሊመንቱ 4 እጥፍ የሆነው አንግል ስንት ነው? ብዙ ሰው ወዲያው ኢኩዌሽን መጻፍ ይጀምራል። ጥሩ ነው፤ ያደርሳል። ግን ትንሽ ቆም ብለን እንየው። የአንድ አንግል ሁለት ጉድለቶች፣ ከ90 ያለውና ከ180 ያለው፣ ሁልጊዜ የሚበላለጡት በ90 ነው። ልኮቹ ራሳቸው በ90 ይበላለጣሉና። ትልቁ የትንሹ 4 እጥፍ ከሆነ፣ ልዩነታቸው የትንሹ 3 እጥፍ ነው። ሦስት እጥፉ 90 ከሆነ ትንሹ 30 ነው። ኮምፕሊመንቱ 30 የሆነ አንግል 60 ነው። እናረጋግጥ፦ የ60 ሰፕሊመንት 120 ነው፤ 120 የ30 አራት እጥፍ ነው። አለቀ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። 90 ዲግሪ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከአንግሉ ፊት ለፊት ያለው ጎን ለረጅሙ ጎን ሲካፈል ሳይን ይባላል፤ ከአንግሉ አጠገብ ያለው ጎን ለረጅሙ ሲካፈል ደግሞ ኮሳይን። «ኮሳይን» ምን ማለት ነው? ሳይንን ተምረን ወዲያው ኮሳይን ሲመጣ ብዙዎቻችን እንደ አዲስ ነገር ነው የምንሸመድደው። ግን ቃሉ ራሱ ትርጉሙን ይናገራል። በላቲን «ሲኑስ ኮምፕሌሜንቲ» ይባል ነበር፤ የኮምፕሊመንቱ ሳይን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1620 እንግሊዛዊው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሰው ኤድመንድ ጋንተር የትሪጎኖሜትሪ (የሦስት ማዕዘን ጎንና አንግል ስሌት) ሠንጠረዥ ሲያወጣ አሳጥሮ «ኮ ሲኑስ» አለው። «ኮታንጀንት»ም የእሱ ነው። ስለዚህ በኮሳይን ፊት ያለችው «ኮ» እና በኮምፕሊመንት ፊት ያለችው «ኮ» አንድ ናቸው። የቱ 90፣ የቱ 180 እንደሆነ የሚምታታበት ሰው ይህቺን ይያዝ፦ ኮሳይን የኮምፕሊመንት ልጅ ነው፤ የሚኖረውም 90 ዲግሪ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው።

«ሳይን» የሚለው ቃል ታሪክም መነገር አለበት። የሕንዱ ሊቅ አርያብሃታ እ.ኤ.አ. በ499 በጻፈው ሥራ ውስጥ የሳይን ሠንጠረዥ አለ። ቃሉ «ጂያ» ነበር፤ የቀስት አውታር ማለት ነው። የክብ ቁራጭ ደጋን ይመስላል፤ ሁለቱን ጫፎች የምታገናኘው ቀጥ ያለች መስመር ደግሞ አውታሩን ትመስላለች። የዛሬው ሳይን የዚያ አውታር ግማሽ ነው። «ጂቫ» የሚለው ሌላው የቃሉ መልክ ወደ ዐረብኛ በድምፁ ሲገባ «ጂባ» ሆነ። ዐረብኛ ግን በተለምዶ አጭር አናባቢ አይጽፍም። ሲጻፍ የሚታዩት ተነባቢዎች «ጀይብ» ተብለውም ይነበባሉ። ጀይብ ደግሞ የልብስ እጥፋት፣ ጉያ ማለት ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን የተረጎሙት ሰዎች ጉያ የሚለውን ይዘው «ሲኑስ» አሉት። አናባቢዋን በእያንዳንዱ ፊደሏ ላይ በምታሳይ ጽሕፈት ላደገ እንደኛ ላለ አንባቢ ይህ ታሪክ ልዩ ጣዕም አለው። በእኛ ፊደል «ጂባ» እና «ጀይብ» መቼም አይምታቱም ነበር።

ሕንዶቹም ለኮሳይን የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ «ኮቲ ጂያ»። «ኮቲ» የደጋን ጫፍ ነው፤ በሒሳባቸው 90ን የሚሞላው ቀሪ ክፍልም በዚሁ ቃል ይጠራል። ከላቲኑ «ኮ» ጋር ድምፁ መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ የቃል ዝምድና የላቸውም። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ኮሳይን በሁለቱም ዘንድ የሚሞላው አንግል ሳይን ነው።

ይህ በሥዕል እንዴት ይታያል? ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 የሆኑ ሦስት ማዕዘን ሳሉ። በ3 እና በ4 መካከል ያለው አንግል 90 ነው። ሦስቱ አንግሎች 180 ስለሚሞሉና አንዱ ብቻውን 90 ስለወሰደ፣ ለሁለቱ ትንንሾች 90 ይቀርላቸዋል። ሳይፈልጉ ኮምፕሊመንተሪ ሆኑ። አንዱን «ሀ»፣ ሌላውን «ለ» እንበላቸው። ለሀ ፊት ለፊት ያለው ጎን 3 ነው፤ ስለዚህ ሳይን ሀ 3/5 ነው። አሁን ወደ ለ ሂዱ። ያው 3 የሆነው ጎን ለ አጠገብ ነው ያለው። ስለዚህ ኮሳይን ለም 3/5 ነው። ጎኑ አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀስነው እኛ ነን። ከአንዱ ጥግ ተነስተን ሌላው ጥግ ቆምን፤ «ፊት ለፊት» የነበረው «አጠገብ» ሆነ። ሳይን ሀ = ኮሳይን (90° − ሀ) የሚለው ፎርሙላ ሌላ ምስጢር የለውም። ታንጀንትና ኮታንጀንት፣ ሴካንትና ኮሴካንት የሚባሉት ሌሎቹ የጎን ንጽጽሮችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

ካልኩሌተር ከመምጣቱ በፊት ይህ ትልቅ ጉልበት ቆጣቢ ነበር። ሠንጠረዡ እስከ 45 ዲግሪ ብቻ ይዘጋጃል። ከ45 በላይ የሚፈልግ ሰው ያንኑ ዓምድ ከታች ወደ ላይ ያነበዋል፤ ራስጌው ላይ «ሳይን» የተባለው ግርጌው ላይ «ኮሳይን» ይባላል።

ፈተና ላይ ሳይን ሀ = ኮሳይን (2ሀ + 15°) የሚል ቢመጣና ሀ ሹል አንግል (ከ90 ያነሰ) ነው ከተባለ፣ ሁለቱ አንግሎች 90 መሙላት አለባቸው። 3ሀ + 15 = 90፤ ሀ = 25። የ25 ሳይንና የ65 ኮሳይን እኩል ናቸው።

ሰፕሊመንት ጋ ጠባዩ ይለያል። ርዝመቱ 1 የሆነ ዘንግ መሬት ላይ ተክላችሁ ከመሬቱ ጋር 30 ዲግሪ እስኪሠራ ወደ ቀኝ አዘንብሉት። ከዚያ ወደ ግራ በዚያው ልክ አዘንብሉት፤ ከቀኝ ሲለካ አሁን 150 ሆኗል። የጫፉ ከፍታ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። ሳይን ከፍታውን ነው የሚናገረው። ስለዚህ ሳይን 30° እና ሳይን 150° ሁለቱም 0.5 ናቸው። ኮሳይን ግን አግድም ርቀቱን ይናገራል፤ ጫፉ ወደ ሌላው ወገን ስለዞረ ምልክቱ ይገለበጣል። ኮሳይን 30° ወደ 0.866 ይጠጋል፤ ኮሳይን 150° ወደ −0.866።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ሲወድቅ ማየትም ያመኛል፤ ቢነገረው የሚያልፈው ነውና። ካልኩሌተር ላይ ሳይኑ 0.5 የሆነ አንግል ስትጠይቁት 30 ይላችኋል። 150ን አይነግራችሁም። የሳይን ሕግን (በአንድ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ጎን ለፊት ለፊቱ አንግል ሳይን ሲካፈል ለሦስቱም እኩል ነው የሚለውን) ተጠቅማችሁ ሦስት ማዕዘን ስትፈቱ ይህ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ አንግል 30°፣ ፊት ለፊቱ ያለው ጎን 6፣ ሌላው ጎን 10 ነው እንበል። ለ10 ፊት ለፊት ያለው አንግል ሳይኑ 10 × 0.5 ÷ 6 ነው፤ ወደ 0.833። ካልኩሌተሩ ወደ 56.4° ይሰጣል። ሰፕሊመንቱን ውሰዱ፤ 123.6°። 30 እና 123.6 ሲደመሩ 153.6 ነው፤ ገና ከ180 በታች ነው። ለሦስተኛው አንግል ቦታ አለ። ስለዚህ ሁለት ትክክለኛ ሦስት ማዕዘኖች አሉ፤ ሁለቱም መልስ ናቸው። ኮሳይን ቢሆን ይህ አይገጥምም ነበር፤ የምልክቱ መቀየር ራሱ ሹሉን ከሰፊው ይለይላችኋል።

ኮምፕሊመንት ግን እኔን ሁሌ የሚያስደንቀኝ በአንድ ድምር ነው። የ1° ሳይን በራሱ ይባዛ፣ የ2° ሳይን በራሱ ይባዛ፣ እያለ እስከ 89° ይቀጥል፤ ከዚያ ሁሉም ይደመር። ሲያዩት ያስፈራል። ግን 1ን ከ89 ጋር አጣምሩት። የ89 ሳይን የ1 ኮሳይን ነው። የአንድ አንግል ሳይንና ኮሳይን እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ሁልጊዜ 1 ይሞላል። 2ን ከ88 አጣምሩ፤ እንደገና 1። 3ን ከ87። እንዲህ እያለ 44ን ከ46 ድረስ ይሄዳል። 44 ጥንድ፣ 44 ሙሉ አንድ። 89 ግን ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ አንዱ ያለ ጓደኛ ይቀራል። የሚቀረው 45 ነው። ከ90 የጎደለው ራሱ 45 ስለሆነ የሚሞላለት ሌላ አንግል አያስፈልገውም። ሳይኑ በራሱ ሲባዛ 0.5 ነው። ድምሩ 44.5 ይሆናል።