ሞርፊን፣ የሰውነት መከላከያና ካንሰር፦ የደሴና የኮምቦልቻ አስታማሚ የሚጠይቀው

ለካንሰር ክትትል ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ወጥቶ ደሴ ለሚመጣ ሕመምተኛ ሞርፊን ሲታዘዝ ከአስታማሚ ሁለት ስጋት ይሰማል። አንዱ የቆየ ነው፦ «ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀ።» ሌላው ከስልክ የተነበበ ነው፦ «መከላከያውን አድክሞ ካንሰሩን ያዛምተዋል።» የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛው ግን ከላብራቶሪ የመጣ ጥያቄ ነው።

ሞርፊን በአንጎልና በአከርካሪ ገመድ ያሉ ተቀባዮችን ይዞ ሕመምን ያፍናል። በዚያው መንገድ የጭንቀት ሆርሞኖችን ሥርዓትና ሰውነትን ለድንጋጤ የሚያዘጋጁትን ሲምፓቴቲክ ነርቮች ያናጋል። የዕጢ ሴሎችን አሳድደው የሚገድሉ ነጭ የደም ሴሎች ይፈዛሉ፤ ባክቴሪያ የሚውጡትም ይቀዘቅዛሉ። ሁሉም ኦፒዮይድ፣ ማለትም ሞርፊንና መሰል የሕመም ማስታገሻ፣ እኩል አይደለም፤ መከላከያን በማድከም ሞርፊንና ፈንታኒል ይበረታሉ፣ ትራማዶልና ቡፕረኖርፊን ይለዝባሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት ኦፒዮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ የኒሞኮከስ፣ ከባድ ኢንፌክሽን 1.6 እጥፍ ገደማ በዝቶ አግኝቷል። ስለዚህ ሞርፊን የሚወስድ ሰው ትኩሳትና ሳል ከያዘው «ብርድ ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም።

የመዛመቱ ነገር ግን ሌላ ነው። በላብራቶሪ ሳህን ባደጉ ሴሎችና በአይጥ የተሠሩት ሙከራዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ እንዲያውም ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው አይጦች ሞርፊን መስጠቱ ካንሰሩ ወደ ሳንባ እንዳይዛመት የረዳበት ሙከራ አለ። ሳይታከም የቀረ ሕመም ራሱ መከላከያን ይጥላልና። በሰው ላይ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ሙከራ 2,108 የጡት ካንሰር ሴቶችን ተከታትሏል፤ ነርቭን በማደንዘዝ ኦፒዮይድ የተቀነሰላቸውና በተለመደው መንገድ በጋዝ ማደንዘዣና በኦፒዮይድ የታከሙት ካንሰሩ የተመለሰባቸው በእኩል፣ 10 በመቶ ገደማ ነበር። ሙከራው የቀዶ ሕክምናውን ሰዓት እንጂ ለወራት የሚዋጥ ሞርፊንን አልፈተነም። ብዙ ሞርፊን የሚወስዱ ሰዎች ቀድሞውኑ በሽታቸው የባሰባቸው ስለሆኑ፣ «ቶሎ ሞቱ» ማለት ብቻውን መድኃኒቱን አያስከስስም።

በተግባር ኦፒዮይድ ያልለመደ አዋቂ በአፍ የሚወሰደውን ሞርፊን ብዙውን ጊዜ በ5 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ ይጀምራል፤ አረጋዊ በ2.5። ጠርሙሱ «10 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ካለ 5 ሚሊ ግራም ማለት 2.5 ሚሊ ሊትር ነው። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለካ፤ የቤት ማንኪያ መጠኑ ይለያያል። ሰዓቱ ጠዋት 12፣ 4፣ 8፣ ማታ 12 እና ምሽት 4 ነው፤ ሐኪሙ ከፈቀደ የምሽት 4ቱ እጥፍ ሆኖ የሌሊት 8ቱ ይታለፋል። በመሃል ለሚነሣ ሕመም የቀኑ ድምር አንድ ስድስተኛ ይጨመራል፤ ቀኑን 60 ሚሊ ግራም ለሚወስድ 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ፤ ድርቀቱ በልማድ አይተውም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ሰውነት ሞርፊንን ሲሰባብር የሚቀረው ትርፍራፊ ስለሚጠራቀም መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። ፔቲዲን የተባለው ሌላ ኦፒዮይድ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አይሆንም፤ ትርፍራፊው ተጠራቅሞ ያንቀጠቅጣል።

ሕክምናው በብዛት የሚበላሸው ሞርፊኑ በማለቁ ነው። ልዩ ማዘዣ ስለሚጠይቅ በየመድኃኒት ቤቱ አይገኝም። ድንገት ሲቋረጥ ላብ፣ ተቅማጥና መቁነጥነጥ ይመጣል፤ የጭንቀት ሆርሞን ያሻቅብና መከላከያው ያኔም ይጎዳል። ወደ ኮምቦልቻ ከመውረድ በፊት ጠርሙሱ ቅዳሜና እሑድን ያሻግር እንደሆነ በሚሊ ሊትር ይቆጠር።