የፎቶግራፍ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ዐውደ ርዕይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በተለያዩ አገሮች ያሉ የፎቶግራፍ ማኅበራት በየዓመቱ ከመላው ዓለም ፎቶ ተቀብለው ያወዳድራሉ፣ ያሳያሉ። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት አባላቱ ናቸው፤ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜያቸው። በዙሪያው የሚናፈሰው ወሬ ግን ጥሩ ፎቶ በእጃቸው ያለ ሰዎችን ገና ሳይሞክሩ ያስቀራል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«የአንድ ከተማ ክበብ ነው፤ ዓለም አቀፍ የሚሉት ለስሙ ነው»

አዘጋጁ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ደንቡ ግን የራሱ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የሚካሄዱት እ.ኤ.አ. በ1950 በስዊዘርላንድ በርን የመጀመሪያ ጉባኤውን ባደረገው የዓለም አቀፉ የፎቶግራፍ ጥበብ ፌዴሬሽን (ፊያፕ) ወይም በ1934 በተመሠረተው የአሜሪካ ፎቶግራፍ ማኅበር ዕውቅና ነው። ልማዱ ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል። በ1853 የተቋቋመው የብሪታንያው ሮያል ፎቶግራፊክ ሶሳይቲ የመጀመሪያ ዐውደ ርዕዩን ያሳየው በ1854 ነበር።

«ስም ከሌለህ አይመርጡህም»

ዳኞቹ ስም አያዩም። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ሦስቱ ዳኞች ሳይነጋገሩ እያንዳንዳቸው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡ ይደመራል፤ ቀጣዩ ይመጣል። ይህ ሁሉ የጥቂት ሰከንድ ጉዳይ ነው። ከልማድ ብዛት በፎቶው ጥግ ላይ ስሙን የሚጽፍ ሰው ከውድድር የሚሰረዘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሰከንዶቹ ማነስ ግን እውነተኛ ድክመት ነው። ቀስ ብሎ የሚገለጥ ፎቶ፣ ሲያዩት ሲያዩት የሚጥም ፎቶ፣ ይጎዳል። አንድ ቦታ የወደቀ ሥራ ሌላ ቦታ ሜዳሊያ ሲያገኝ የሚታየው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ስለወደቀ ፎቶውን የሚጥል ሰው ፍርዱን ለሦስት ሰዎች ዓይን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

«ተቀባይነት አገኘ ማለት ሜዳሊያ አመለጠው ማለት ነው»

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከተላኩት ፎቶዎች ተቀባይነት የሚያገኙት፣ ማለትም ለዐውደ ርዕዩ የሚመረጡት፣ ብዙ ጊዜ ሩብ ያህሉ ናቸው። «የፊያፕ አርቲስት» የሚባለው ማዕረግ የሚገኘውም በሜዳሊያ ክምር አይደለም፤ የሚቆጠረው ስንት ሥራ፣ ስንት ጊዜ፣ በስንት አገር ተቀባይነት እንዳገኘ ነው።

«ቀለሙ ከጠፋ ጥቁርና ነጭ ነው»

ዝናብ የመታው ግራጫ መንገድ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ሆኖ የቀረ አንድ ጃንጥላ። ይህ ፎቶ በፊያፕ ትርጉም የቀለም ፎቶ ነው። ፎቶው ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀለም፣ ለምሳሌ በቡናማ፣ ቢነከር ግን ከጥቁርና ነጭ ምድብ አይወጣም።

«ኮምፒውተር ላይ መነካካት ክልክል ነው» ወይም «ሁሉም ይፈቀዳል»

ሁለቱም ትክክል አይደሉም፤ መልሱ በምድቡ ይወሰናል። በተፈጥሮ ምድብ ፎቶውን ከዳር መቁረጥ ይቻላል፤ ወፏን የጋረደውን ቅርንጫፍ ማጥፋት ግን አይቻልም። ተመራማሪዎች እግሯ ላይ ያሰሩት ቀለበት ቢታይ ችግር የለውም። ርዕሰ ጉዳይ ባልተወሰነባቸው ክፍት ምድቦች ብዙ ነገር ይፈቀዳል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ክፍል ላኪው ራሱ ካነሳው ፎቶ የመጣ መሆን አለበት። ከኢንተርኔት የወረደ ሰማይም ሆነ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ምስል አይገባም። አዘጋጆቹ ከተጠራጠሩ ከካሜራው የወጣውን ዋናውን ፋይል ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ አታጥፉት።

«ፎቶዬን ይወስዱብኛል»

የቅጂ መብቱ የአንሺው ነው። አዘጋጁ የሚያገኘው ፎቶውን የማሳየትና በካታሎግ የማተም ፈቃድ ነው። መብትን ጠቅልለው የሚወስዱ የንግድ ውድድሮች ስላሉ ግን ደንቡን ሳያነቡ መላክ አይገባም።

«ርዕስ ምን ያደርጋል?»

ካሜራው የሰጠው የፋይል ቁጥር እንደ ርዕስ አይቆጠርም። አንዴ ተቀባይነት ያገኘን ፎቶ ስሙን ቀይሮ እንደ አዲስ ሥራ መላክም ክልክል ነው። ከመጀመሪያው መላክ በፊት አጭርና ለፎቶው የሚስማማ ርዕስ አውጡለት፤ ከዚያ በኋላ በሄደበት ሁሉ የሚጠራው በዚያ ስም ነው።