«ኦብዘርቬሽን» ምን ማለት ነው?

አሜሪካ ያሉ ወላጆቻችንን በሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ስናሳክም ይህች ቃል ጉድ ትሠራናለች። እናታችን ሆስፒታል አልጋ ላይ ናት። ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፤ ስሟ ያለበት መለያ እጇ ላይ ታስሯል። ሦስት ሌሊት አድራለች። መዝገቡ ላይ «ኦብዘርቬሽን»፣ ማለትም «ለክትትል የቆየች»፣ ከተባለ ግን፣ ለሜዲኬር ተኝታ የምትታከም ሳትሆን ተመላላሽ ታካሚ ናት።

ጣጣው የሚመጣው ስትወጣ ነው። መደበኛው ሜዲኬር የነርሲንግ ማገገሚያ ወጪን የሚሸፍነው፣ ታካሚው ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀን በተኝቶ ታካሚነት ከተመዘገበ ነው። የኦብዘርቬሽን ሌሊት አይቆጠርም። የምትወጣበት ቀንም አይቆጠርም። ስለዚህ ወድቃ ወገቧን የተጎዳች እናት ወይ ከኪሷ ትከፍላለች፣ ወይ በቅጡ ሳታገግም ቤቷ ትገባለች። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ አልጋውም ሕመሙም ያው ነውና።

ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሆስፒታሉ ከ24 ሰዓት በላይ በኦብዘርቬሽን ላቆየው የሜዲኬር ታካሚ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ በቃልም ማስረዳት አለበት። ወረቀቱን ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። በመጀመሪያው ቀን «ተኝታ ታካሚ ናት ወይስ ኦብዘርቬሽን?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኢንሹራንስ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ካላት ደንቡ ሊለይ ስለሚችል ኢንሹራንሷ ጋ ደውሉ።