ለአጥንት ጥገና የሚገባው ብረት፣ ታይታኒየም፣ ሰውነት ውስጥ ለምን በዝገት አይበላም?

"ከኦክስጅን ጋር ስለማይዋሃድ ነው" የሚለው መልስ ሰሞኑን ተደጋግሟል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ታይታኒየም ኦክስጅን ሲያገኝ ወዲያው ይዋሃዳል፤ ገጹም የጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ውፍረት ያለው ኦክሳይድ፣ ማለትም የብረቱና የኦክስጅን ውህድ፣ ይለብሳል። ጨዋማው የሰውነት ፈሳሽ ወደ ውስጥ ዘልቆ እንዳይበላው የሚከለክለው ይህ ስስ ልባስ ነው፤ ቢጫርም ራሱን ይተካል። 316ኤል የሚባለው፣ እሱም ሰውነት ውስጥ የሚገባ የማይዝግ ስቲል፣ ልባሱን የሚያገኘው በውስጡ ከተቀላቀለው ክሮሚየም ከሚባል ብረት ነው፤ በጨዋማው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ግን ይህን ልባስ ከታይታኒየሙ ይልቅ በቀላሉ ይበሳዋል።

ለምሳሌ የተሰበረ የእግር አጥንት ላይ በብሎን የታሰረ የስቲል ፕሌት (አጥንቱን የሚይዝ ዝርግ ብረት) እንውሰድ። ብሎኑና ፕሌቱ በየእርምጃው ሲፋተጉ ልባሱ ይላጣል፤ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ኦክስጅን ስለሚያንስ ቶሎ አይተካም። ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። ፕሌቱ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ግን ከታካሚ ታካሚ ይለያያል፤ ሐኪሙን ጠይቁ።