የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት፣ በጀቱና የከተማው ፕላን

የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት 138 መቀመጫ ያለው የከተማዋ ትልቁ የስልጣን አካል ነው፣ ከንቲባ የሚመርጠው እሱ ነው፣ አመታዊ በጀቱንም፣ የከተማው መሬት ለምን ለምን እንደሚውል የሚለየውን መዋቅራዊ ፕላኑንም የሚያፀድቀው እሱ ነው። ስለ ከንቲባዎቹ ብዙ ተብሏል፣ ስለ ምክር ቤቱ ግን ባንድ ላይ ተሰብስቦ የተቀመጠ ነገር ማግኘት ከባድ ስለሆነ ይሄ ፅሁፍ በአብዛኛው የተደገፈው በአዋጆቹና በቴሌቪዥን በሚተላለፉት ጉባኤዎች ላይ ነው። አመተ ምህረቶቹ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ የተቋቋመው በምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ 1900ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው ይባላል። በህግ መልክ የያዘው ግን በ1937 በወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ነው፣ በዛን ጊዜ የከተማ ምክር ቤት አባል ለመምረጥም ለመመረጥም የቤትና የመሬት ባለንብረት መሆን ትልቅ ቦታ ነበረው። ፒያሳ ላይ ከቸርችል ጎዳና አናት ቁልቁል የሚያየው ባለ ሰአቱ የማዘጋጃ ቤት ህንፃ በ1950ዎቹ አርቱሮ ሜዜዲሚ የሚባለው ጣልያናዊ አርክቴክት የሰራው ነው፣ አፍሪካ አዳራሽንም የሰራው እሱ ነው። ከለገሃር ሆኖ ሽቅብ ላየው ሰው ይሄን ያህል ግርማ ያለው የመንግስት ህንፃ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የለም። በደርግ ጊዜ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ ቀበሌዎች መጡ።

አሁን ያለው ምክር ቤት መሰረቱ የህገ መንግስቱ አንቀፅ 49 እና በ1995 የወጣው ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361 ነው። በግንቦት 1997ቱ ምርጫ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ከ138ቱ 137ቱን መቀመጫ ቢያሸንፍም ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀረ፣ ለምን እንደቀረ ዛሬም ሰው እንደየፖለቲካው ነው የሚተርከው፣ ከዛ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ፣ ምርጫ የተደረገው በ2000 ነው። ቀጥሎ በ2005፣ ከዛ የስራ ዘመኑ እየተራዘመ እስከ ሰኔ 2013 ምርጫ ድረስ ቆየ። በመስከረም 2014 አዲሱ ምክር ቤት አዳነች አቤቤን ከንቲባ፣ ቡዜና አልከድርን አፈ ጉባኤ አድርጎ መረጠ።

በጀቱ ላይ ስንመጣ፣ የበጀት አመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ያልቃል። ስራው ግን የሚጀምረው ወራት ቀደም ብሎ ነው፣ ፋይናንስ ቢሮ የበጀት ጥሪና ጣሪያ፣ ማለትም ከዚህ በላይ አትጠይቁ የሚል ወሰን፣ ይልካል፣ ቢሮዎቹና ክፍለ ከተሞቹ እቅዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይቆረጥባቸዋል፣ ካቢኔው ያየዋል፣ ከዛ ወደ ምክር ቤቱ ይመራል። አዲስ አበባ እንደ ክልሎቹ በቀመር የሚሰፈርላት የፌዴራል ድጎማ ላይ የምትኖር ከተማ አይደለችም፣ ወጪዋን በአብዛኛው የምትሸፍነው ራሷ ከምትሰበስበው ግብርና ገቢ ነው፣ ይሄ ደግሞ በጣም የሚያኮራ ነገር ነው፣ ገቢው ካልመጣ ግን የፀደቀው ፕሮጀክት ወረቀት ላይ ይቀራል ማለትም ነው። የ2015 በጀት 100 ቢሊየን ብር አካባቢ ነበር፣ የ2016ቱ ከ140 ቢሊየን በላይ፣ የ2017ቱ ከ230 ቢሊየን በላይ፣ የ2018ቱ 350 ቢሊየን ገደማ ደረሰ። ቁጥሩ ሲታይ በሶስት አመት ውስጥ ከሶስት እጥፍ በላይ ሆኗል፣ ግን ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሲሚንቶውም ብረቱም የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው እድገቱን እንዳለ አይወስደውም።

የማፅደቂያው ቀን መታየት ያለበት ነገር ነው። ሰነዱ ይቀርባል፣ አባላቱ አንድ ባንድ ማይክ ጠይቀው የወረዳቸውን ችግር ይዘው ይነሳሉ፣ ውሃው በፈረቃ ነው፣ መንገዱ ተቆፍሮ ቀረ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ይሄን ያህል ተማሪ ታጭቆ ይማራል፣ ሃላፊዎቹ መልስ ይሰጣሉ፣ ከዛ የምትደግፉ፣ የምትቃወሙ፣ ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ እጅ ይቆጠራል። በአመቱ መሀል ገቢ ከታሰበው በላይ ከመጣ ወይም አጣዳፊ ስራ ከገጠመ ተጨማሪ በጀት ተብሎ ሌላ አዋጅ ይመጣል። ከአንዱ ስራ ወደ ሌላው ገንዘብ ማዛወር ሌላ ነገር ነው፣ በፌዴራሉ የፋይናንስ ህግ ለምሳሌ የካፒታል በጀትን ወደ መደበኛ ማዞር አይቻልም፣ የትምህርት ቤት ግንባታ ብር ለአበልና ለነዳጅ እንዳይሄድ ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የገበያ ማእከሉ የት ይሁን የሚለው ደግሞ የፕላን ጉዳይ ነው። ከተማዋ ብዙ ፕላን አይታለች፣ በ1940ዎቹ የእንግሊዙ አበርክሮምቢ፣ በ1950ዎቹ የፈረንሳዩ ደ ማርየን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር ያለውን መስመር የከተማው ወገብ ያደረገበት፣ እያለ እስከ 2009ኙ መዋቅራዊ ፕላን። ይሄ የመጨረሻው ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ወይም ትምህርት ቤት የተባለ ቦታ በጀት እስኪመደብለት ድረስ ሜዳ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አንድ ቀን አጥር ይታጠርና የፕላን ማሻሻያ ተደረገ ይባላል። ለኔ ከሁሉም በላይ ምክር ቤቱ አይኑን መንቀል የሌለበት እዚህ ላይ ነው፣ በጀት በሚቀጥለው አመት ሊስተካከል ይችላል፣ የሄደ መሬት ግን አይመለስም።

አከራካሪ ነገሮችም አሉ። በ2015 የጣሪያና ግድግዳ ግብር ላይ የተደረገው ጭማሪ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ነው፣ ክርክሩም ግብሩን የመጨመር ስልጣን የማን ነው የሚል ነበር። በ2016 መሀል የተጀመረው የኮሪደር ልማትም እንደዛው፣ መንገዱና የእግረኛ መሄጃው ማማሩን ማንም አይክድም፣ ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች የፈረሱበት ፍጥነት ላይ ግን የተነሺዎቹ ቅሬታ አለ።

የፀደቀው ብር ወደ ክፍለ ከተማና ወረዳ ሲወርድ ለህዝብ እንዲለጠፍ የሚያዝ አሰራር አለ። ወረዳ ጉዳይ ይዞ የሄደ ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደሞዝ፣ ስራ ማስኬጃ፣ ካፒታል እያለ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ሊያይ ይችላል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ካፒታል የሚለው መስመር ነው፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ክፍል ይጨመርለት እንደሆነ የሚታወቀው እዛ ነው።