ቁልፉ በአባት አካውንት ላይ ነው፦ የሕፃናትን የኮምፒውተር አካውንት ስለ መገደብ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጅማ ብዙ ቤት ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው። ሳሎን ጥግ ተቀምጦ ቀን የሰባት ዓመቱ ልጅ ይጫወትበታል፤ ማታ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እህቱ የመመረቂያ ጽሑፏን ትሠራበታለች፤ እሑድ ደግሞ አባት የቡና ሒሳቡን ያስገባበታል። የልጁን አካውንት መገደብ ተገቢ መሆኑን ብዙ ወላጅ ይቀበላል፤ ስሕተቱ የሚመጣው ገደቡ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ሲታሰብ ነው። ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች በአብዛኛው ቤት የሚገኘውን፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ዊንዶውስ የተባለ ሲስተም ይመለከታሉ።

«ለልጁ የራሱን አካውንት ከፍተንለታል፤ ስለዚህ ተገድቧል።»

ዊንዶውስ ሁለት ዓይነት አካውንት አለው፤ አንደኛው በማሽኑ ላይ የፈለገውን የሚያደርግ አድሚኒስትሬተር ሲሆን፣ ሁለተኛው ፕሮግራም ለመጫን ወይም ዋና ዋና ቅንብሮችን ለመለወጥ የአድሚኒስትሬተሩን ፈቃድ የሚጠይቅ መደበኛ አካውንት ነው። ሲስተሙ አዲስ ሲጫን መጀመሪያ የሚከፈተው አካውንት አድሚኒስትሬተር ነው። ኮምፒውተሩ ጥገና ቤት ገብቶ ፎርማት ተደርጎ ሲመለስም ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ይህንኑ አንድ አካውንት፣ ያውም ያለ ፓስዎርድ ነው። ከጎኑ ለልጁ መደበኛ አካውንት ቢከፈትለትም የአባቱ አካውንት ፓስዎርድ ከሌለው፣ ልጁ መግቢያው ላይ የአባቱን ስም ተጭኖ ይገባል፤ ማንበብ እንኳ አያስፈልገውም፣ ሥዕሉን ያውቀዋል። ፓስዎርድ ኖሮት የአባትየው ስልክ ቁጥር ከሆነም ያው ነው፤ ልጆቻችን ቢጠፉ እንዲናገሩት ያን ቁጥር በቃላቸው አስጠንተናቸዋል። ስለዚህ የልጁን አካውንት የመገደብ ሥራ የሚጀምረው ከአዋቂዎቹ አካውንት ነው። ይህ ሳይስተካከል የሚጫን ማንኛውም የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ድካም ብቻ ነው።

«መደበኛ አካውንት የያዘ ልጅ መጥፎ ነገር አያይም።»

መደበኛ አካውንት የሚገድበው በማሽኑ ላይ የሚደረገውን ለውጥ እንጂ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን አይደለም። አንዳንድ ፕሮግራሞችም፣ ድረ ገጽ የሚከፈትበትን ክሮምን ጨምሮ፣ በተጠቃሚው የራሱ ፎልደር ውስጥ ስለሚጫኑ ያለ አድሚኒስትሬተር ፈቃድ ሊገቡ ይችላሉ። ድረ ገጾችን የሚያጣራው የማይክሮሶፍት የቤተሰብ መቆጣጠሪያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በዊንዶውስ 7 ዘመን የሰዓትና የጨዋታ ገደብ እዚያው ማሽኑ ላይ ይሠራ ነበር፤ በ2015 በፈረንጆች አቆጣጠር ከወጣው ዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ልጁ የማይክሮሶፍት አካውንት እንዲኖረውና ከወላጁ አካውንት ጋር እንዲያያዝ ይጠይቃል። ለዚህም ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ቤት የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ መሥራት ይቻላል። ማጣሪያው የሚሠራውም ኤጅ በተባለው ብሮውዘር ላይ ነው። ከመርካቶ በፍላሽ ተገልብጦ የመጣን ፊልም ግን የድረ ገጽ ማጣሪያ አያየውም፤ እኔ እንደሚመስለኝ በእኛ ከተማ ከኢንተርኔቱ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ፍላሹ ነው። ለእርሱ ያለው መፍትሔ ስክሪኑን ወደ ቡናው ረከቦት አዙሮ ማስቀመጥ ነው።

«ያለ ኢንተርኔት ሰዓት መገደብ አይቻልም።»

ይቻላል። በማሽኑ ላይ ብቻ ለተከፈተ አካውንት፣ አድሚኒስትሬተሩ «ኔት ዩዘር» (net user) በሚባለው፣ በትእዛዝ መስኮት በሚጻፍ ትእዛዝ ልጁ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት መግባት እንደሚችል መወሰን ይችላል። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ስሕተት የእኛው ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ለማለት 10 እና 12 ብሎ የጻፈ ወላጅ፣ ኮምፒውተሩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብሎ ስለሚረዳው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሳለ ተፈቅዶለት ሲመለስ ይከለከላል። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ መጻፍ የሚገባው 16 እና 18 ነው። ይህ ገደብ መግባትን ይከለክላል እንጂ አስቀድሞ የገባውን አያስወጣም፤ የማስወጣቱ ሥራ የእናት ድምፅ ነው። በተጨማሪም መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ በውስጡ ያለችው ትንሿ ባትሪ አልቃለችና፣ እርሷ ሳትቀየር የሰዓት ገደብ ትርጉም የለውም።

«ፋይሉን ደብቄዋለሁ።»

የተደበቀ ፋይል የተጠበቀ ፋይል አይደለም፤ አንድ ምርጫ ሲነካ ይታያል። በራስ አካውንት «ዶክመንትስ» ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ግን ለሌላ መደበኛ ተጠቃሚ አይከፈትም። ብዙዎቻችን «ይሻላል» ብለን ሥራችንን የምናስቀምጥበት ሁለተኛው የዲስክ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የእህትየው የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ ካለ ታናሽ ወንድሟ ሳያውቅ ሊያጠፋው ይችላል። ክሮም ላይ የተለየ ፕሮፋይል መክፈትም የብሮውዘሩን ገጽ ይለያል እንጂ ፋይሉን ከዚህ አያድንም።

«ብልጥ ልጅ ይሰብረዋል፤ ምን ዋጋ አለው?»

ዐሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ኮምፒውተሩን ከፍላሽ አስነሥቶ ሊያልፈው ይችላል፤ እውነት ነው። የሰባት ዓመቱ ልጅ ገደብ የተሠራው ግን በስሕተት እንዳይሰርዝና ያገኘውን ሁሉ እንዳይጭን ነው።

«ፓስዎርዱን አባት ብቻ ይወቀው።»

ቡና በሚለቀምበት ወራት አባት ገጠር ይወርዳል። በዚያ መካከል አንድ ፕሮግራም ፈቃድ ቢጠይቅ ቤት ያለው ሁሉ ይቆማል፤ ከረሳው ደግሞ የሚከተለው ጥገና ቤትና ፎርማት ነው፤ ፋይሉም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ለእናት ወይም ለታላቅ ልጅ ሁለተኛ አድሚኒስትሬተር አካውንት ከነፓስዎርዱ መክፈት፣ ፓስዎርዱንም በወረቀት ጽፎ የቤቱ ካርታ ከሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ማኖር ይበቃል።